በኤሌክትሪክ መኪና የሄደ መርዶ

ባለቤቴ ያቺን መኪና የገዛ ሰሞን ያልሳቀበት ሰው የለም። ያገለገለች ናት፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ድምፅ የሌላት። ነዳጅ አትጠጣም፤ ግድግዳ ላይ ተሰክታ ታድራለች። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ዳር ባለው ሰፈራችን ዋይንድሃም ቬል የምናውቃቸው ሐበሾች ሁሉ "መኪና ነው የገዛኸው ወይስ ሞባይል?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ምን ተዳው! ጭራሽ ክረምት ሲገባ ነው የሚብስበት። ሰው በሐምሌ ቅዝቃዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲሸሸግ የኔ ሰውዬ የሩቅ መንገድ ያቅዳል። ሌላው ሰው መንገድ ሲያቅድ ከተማ ይቆጥራል፣ እሱ ሶኬት ይቆጥራል። የት ሶኬት አለ፣ እስከሚቀጥለው ሶኬት ዳገቱ ምን ያህል ነው፣ ነፋሱ ከፊት ነው ከኋላ፣ ባትሪ የሚበላውን ማሞቂያ፣ ሂተሩን፣ ሳንከፍት እንደርሳለን ወይ። ይህ እንግዲህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ አሁኑ በየመንገዱ አልነበረም።

አልዋሽም፣ አፌ ቢነጫነጭም እኔም ወድጄው ነበር። በጋቢ ተጠቅልለን ጉም ውስጥ ድምፅ በሌላት መኪና ስንሄድ፣ የምንሄደው እኛ እንሁን ዛፎቹ አይለይም ነበር። ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ትንሽ ከተማ ገብተን እንሰካታለን፤ ከዚያ ምንም ሥራ የለም። አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ፣ አጥር ላይ የተኛ ድመት። ሆፐርስ ክሮሲንግ መጋዘን ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ በሩጫ ለምውል ሰው፣ እንደዚያ ቆሞ መዋል ሳይተኙ ሕልም እንደ ማየት ነው። ባለቤቴን ግን ይህን ነግሬው አላውቅም፤ ምን ቆርጦኝ!

አንድ ክረምት፣ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው የወዳጄ ወንድም ነው። ወዳጄ የምላት፣ እዚህ አገር እንደመጣን ሰንሻይን ውስጥ አንድ ክፍል ተካፍለን፣ አንድ የክረምት ካፖርት በየተራ ለብሰን የኖርን፣ እንደ እኅቴ የማያት ጓደኛዬ ናት። ኋላ እሷ ሚልዱራ አረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ከሜልቦርን ጥግ እስከ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ጥግ ማለት ነው። እዚያ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ወንድሟ ድምፁ ተቆራርጦ፣ "አባዬ አረፈ። ቀብሩም ዛሬ ተፈጸመ። እባክሽ እኅቴ፣ ብቻዋን በስልክ እንዳትሰማብኝ። ሰው ይዘሽ ሂጂላት" አለኝ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ሲወድቁ የሚይዝ እጅ ይዞ ነው የሚነገረው። እሷ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፤ እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ እሳቸው ፀጉሯን እየሠሩ ያሳደጓት። ወንድሟ ዘመዱን ሁሉ አፍ አስይዣለሁ ብሎኛል፤ ግን የስንቱን እጅ ይይዛል? አንዱ የአክስት ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቷቸውን ለጥፎ "ነፍስ ይማር" ካለ አለቀ። እኔ የፈራሁት እሱን ነው፤ ሥራ ላይ እንዳለች፣ የአንዲት ፈረንጅ አሮጊት ካልሲ እያጠለቀች፣ ስልኳን ከኪሷ ስታወጣ።

"በኔ መኪና አሁኑኑ እንነሳ" አልኩ። የኔዋ የቤንዚን ናት፤ ሳይነጋ ትደርሳለች።

"በሷ ከሄድን ገና በር ላይ ታውቃለች" አለ ባለቤቴ። "ሥራ ትተን፣ ሽማግሌ ይዘን፣ በሥራ ቀን ድንገት ከች ስንል ምን ልትል ነው? በኔዋ ከሄድን ግን 'ሰውየው አመሉ ተነሥቶበት ነው' ነው የምትለው።"

ክፋቱ፣ ያለው ልክ ነበር። ያቺ መኪና ሁለት ቀን ይፈጅባታል፤ ነገር ግን መርዶ የጫነች የማትመስል መኪና በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። ለሽማግሌነት የጠራናቸው ጎረቤታችን ጋሼም በዚሁ ተስማሙ። ጋሼ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚሰማቸው አዛውንት ናቸው። ስንት ቤት መርዶ አርድተዋል። "አፌ ክፉ ነገር ስለለመደ ነው የምትጠሩኝ" ይላሉ እንጂ እምቢ ብለው አያውቁም።

እኔ ሺፍቴን አስቀየርኩ፤ ባለቤቴ ሶኬቶቹን አቀደ፤ መሐል ላይ የምናድርበትን ካራቫን ፓርክ ቡክ አደረግሁ። ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ ደወልኩላት።

"ሰውዬሽ ጀመረው። ዘንድሮ ሚልዱራ ካልደረስኩ ብሏል።"

ሳቀች። "በዚያች በባትሪ ድንጋይ? ኧረ ተዉ!"

"ጋሼንም ይዘናቸዋል። ወይን የሚበቅልበትን አገር አሳዩኝ ብለው።"

"በዚህ ብርድ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን አድርገዋችሁ ነው የምታንገላቷቸው?" አለችና እንደገና ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ "ኑልኝ በቃ፤ ሰው ናፍቆኛል" አለች።

ረቡዕ ጠዋት ጉም ውስጥ ወጣን። ሂተር የለም፤ ሂተር ከከፈትን ቤንዲጎ አንደርስም። ጋሼ ከፊት፣ ጋቢያቸው እስከ አፍንጫቸው፤ እኔ ከኋላ ስልኬን ታቅፌ። መስኮቱ በትንፋሻችን ይደበዝዛል፣ ባለቤቴ በመሐረብ ይጠርጋል፣ መልሶ ይደበዝዛል። ከመስኮቱ ውጭ በግ፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ቢጫ አበባ የለበሰ ዛፍ ብቅ ይልና ይጠፋል። "በክረምት ያብባል እንዴ?" ይላሉ ጋሼ።

ቤንዲጎ ስንደርስ ሶኬቱ ላይ ሌላ መኪና ተሰክቷል፤ የመኪናው ባለቤት የለም። ቆመን ጠበቅን። እኔ ውስጤ እየነደደ ፌስቡክ ከፍቼ የዘመዶቿን ስም አንድ በአንድ እያየሁ ነው። "ቶሎ በል እንጂ፣ አንድ ነገር አድርግ!" እላለሁ ባለቤቴን፣ እሱ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ይመስል።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አለኝ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ" አሉ ጋሼ በጋቢያቸው ውስጥ። "ይኸው እንቁላሉም ቀደመን።" በዚያ ጭንቀት መሐል ሦስታችንም ሳቅን።

ችግሩ ወዳጄ ነበረች። እያንዳንዱ ሶኬት ጋ ስንደርስ ትደውላለች። "የት ደረሳችሁ?" ቻርልተን፣ አንድ መጠጥ ቤት ጀርባ፣ ከቢራ በርሜል አጠገብ ሰክተን ቆመናል። "ገና ቻርልተን? በእግሬ መጥቼ ልቀበላችሁ?" ትላለች። እኔም እመልሳለሁ፤ ባለቤቴን አማለሁ፤ እስቃለሁ። እውነተኛ ሳቅ ነው ደግሞ፤ እሷ ስታስቀኝ ራሴን መግታት አልችልም። ስልኩ ሲዘጋ ግን፣ ይህን ሳቅ ነገ ታስታውሰዋለች፣ ይቅር አትለኝም እላለሁ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይቀመጣሉ።

ያደርነው ሲ ሌክ ነው፤ ስንዴ መሐል የተቀመጠች የምታንቀላፋ ከተማ። መኪናዋ እስከ ጠዋት ግድግዳ ላይ መሰካት አለባት። የካራቫን ፓርኩ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ቁጭ ብለን ስታየን አዘነችልን መሰለኝ፣ "ሐይቁን ሳታዩማ አትሄዱም" ብላ በራሷ ፒክአፕ ይዛን ወጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል።

ሐይቅ ብላ የወሰደችን ቦታ ሐይቅ አይመስልም። የጨው ሜዳ ነው፤ ላዩ ላይ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውኃ ተኝቷል። ነፋስ አልነበረም። ሰማዩ እንዳለ ታች ወርዷል፤ ደመናው ታች፣ ቀዩ ብርሃን ታች። የት ጋ መሬቱ አልቆ ሰማዩ እንደሚጀምር ማወቅ አይቻልም። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ትንሽ ራቅ ብለው ደመና ላይ ቆሙ፤ ከእግራቸው በታች ሌላ ጋሼ ተዘቅዝቀው ቆመዋል።

ድምፃቸው ይሰማኛል። "ልጄ... አባትሽ... እንግዲህ የሰው ልጅ..." ይላሉና ያቆማሉ። እንደገና ይጀምራሉ። እየተለማመዱ ነው። ያን ሁሉ ቤት መርዶ ያረዱ ሰው!

ሲወጡ "ጋሼ፣ አንቱም ይቸግርዎታል እንዴ?" አልኳቸው።

"ይኼ እንዴት ይለመዳል ልጄ?" አሉኝ። "እዚያ ቆሜ ሳስበው፣ ሰውየው ለኛ ሞቷል፤ ለሷ ግን ይኸው አሁን እራቱን እየበላ ነው። እኔ ነኝ ሄጄ የምገድለው።"

ወደ ካራቫን ፓርኩ ስንመለስ ያ የፈራሁት መጣ። አንድ የአጎቷ ልጅ የሻማ ሥዕል ለጥፏል። ስም አልጻፈም፤ "ትልቁ ዋርካችን" ብቻ ነው ያለው። ለወንድሟ ደወልኩ፤ ልጁን ሰደበልኝ፤ ሥዕሉ ወዲያው ተነሣ። ግን አይታው ይሆን? የዚያን ምሽት አልደወለችም። በየሶኬቱ ስትደውል የዋለች ሴት ጭጭ አለች። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። መኪናዋ በመስኮቱ በኩል ትታየኛለች፤ አረንጓዴ መብራቷ ይበራል፣ ይጠፋል። አምላኬ ሆይ፣ ባትሪዋን ቶሎ ሙላልኝ አልኩ።

ጎሕ ሲቀድ መልእክት ገባ። "ሥራ ላይ አድሬ ነው። ዛሬስ ትደርሳላችሁ ወይስ ዛሬም እዚሁ ሥራ ላይ ልደር?" አላየችውም። አለቀስኩ።

ኦየን ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሰክተን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚልዱራ ገባን። በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች፤ ኤክስቴንሽን ገመዱን ከወጥ ቤቷ መስኮት አውጥታ ዘርግታዋለች። ጋሼን ጉልበታቸውን ስማ፣ ባለቤቴን "አንተ እብድ!" ብላ፣ እኔን አቅፋ አልለቅ አለች። የጾም ሽሮ ሠርታለች፤ ጎመን፣ ድንች። ስንበላ አንድ ሹራብ አምጥታ አሳየችን፤ ወፍራም፣ ቡናማ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝታ ለአባቷ ልትልክ ነው። "እጅጌው አይረዝምም? አንተ እስቲ ለካው" ብላ ለባለቤቴ አለበሰችው። እሱ ሹራቡን ለብሶ ቀና ማለት አቃተው። ጋሼ ጉርሻቸውን አስቀመጡ። "ብርዱ መስሎኝ ነበር፣ ደክሟችኋላ!" አለችና በጊዜ አስተኛችን።

ዓርብ ንጋት ላይ እዚያው ከተማ ያሉ፣ በስልክ የጠራናቸው ጥቂት ሐበሾች ቀስ ብለው መጡ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። ከክፍሏ ወጥታ ሳሎኑ በር ላይ ስታየን ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከዚያ ጋሼን አየቻቸው። ያን ሁሉ የተለማመዱት ጋሼ "ልጄ" ብቻ አሉ።

"አባዬ!" አለች።

ሌላውን አልጽፈውም። ስትወድቅ የያዝናት ብዙ እጆች ነበርን፤ እሱ ይበቃል። ትንሽ ቆይታ ግን ቀና ብላ እኔን ፈለገች። "እያወቅሽ አሳቅሽኝ!" አለችኝ። "ቻርልተን ሆነሽ፣ እያወቅሽ ሳቅሽልኝ!" ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሙሉ፣ በማግሥቱም አላናገረችኝም። ከሜልቦርን ለቀስተኛው በቤንዚን መኪናው በአንድ ቀን እየበረረ መጣ፤ እሷ ከሁሉም ጋር ታለቅሳለች፣ ከኔ ፊት ግን ዓይኗን ታነሳለች። ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ። ምን ይባላል፣ የፈራሁት ደረሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመሄድ ተነሣን። ባለቤቴ ገመዱን ነቅሎ እየጠቀለለ ነው፤ ጋሼ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና አጠገቤ ቆመች።

"ማክሰኞ ነው የሰማሽው?"

"አዎ።"

"ረቡዕ አባዬን ሳስበው ዋልኩ" አለች። "ሐሙስም። እንዲሁ ደስ ብሎኝ። በቤንዚን መጥታችሁ ቢሆን እነዚያ ቀኖች አይኖሩኝም ነበር።" ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "ሌላው ሰው አባቴን ማክሰኞ ነው የቀበረው። እኔ ጋ እስከ ዓርብ ኖረ። በየሶኬቱ እየቆማችሁ አቆያችሁልኝ።"

እሷ ወደ ባለቤቴ ሄዳ ገመዱን ከእጁ ወሰደች፣ መልሳም መኪናዋ ላይ ሰካችው።

"ሞልቷል እኮ" አላት።

"አልሞላም" አለች፤ የጋሼንም በር ከፈተችላቸው። ሁላችንም ተመልሰን ቤት ገባን።