ሙት በስም ሲጠራ

ማኒሃይ ዕድሜውን ሙሉ የነፋው ግማሽ ዜማ ነው። ሌላው ግማሽ የታላቅ ወንድሙ የአሪዋሩ ነበር። በማላይታ ደሴት ተራሮች የቀርከሃ ዋሽንት በጥንድ ይነፋል፤ አንዱ የዘለለውን ድምፅ ሌላው ይሞላል። ማኒሃይ ግን ለልምምድም ለድግስም፣ ዜማው መሃል እንኳ ሳይቀር ይዘገያል። «ይኼ ቀርፋፋ ለቀብሬም አይደርስ!» እያለ ወንድሙ በሰው ፊት ይስቅበት ነበር።

አሪዋሩ ሞተና ዋሽንቱ እንደ ወጉ ተሰብሮ አብሮት ተቀበረ። የድሮዎቹ ነፊዎች ቤተ ክርስቲያን ገብተው የአያቶችን ዜማ ስለተዉ የሚተካው ሰው ጠፋ። ዜማ ያልሸኘው ሙት ደግሞ ከመንደር አይወጣም። ማኒሃይ ይህን እያሰበ የቀረበለትን የጣሮ ሥር ሳይቀምስ ገፋው።

ሟቹ በሚሸኝበት ድግስ ቀን አሳማው በጋለ ድንጋይ በስሎ፣ ጎረምሶቹ ጊታራቸውን ሲቃኙ፣ የሟቹ ልጅ ሆውኒ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ከተፍ አለ።

«አጎቴ፣ አታስብ። አባቴ ብቻውን ሲነፋ በስልክ ቀድቼዋለሁ። እሱ ከዚህ ውስጥ ይነፋል፣ አንተ ከውጭ ትሞላለህ።»

«ሙት ቀስቅሰህ ከእኔ ጋር ልታስነፋ?»

«ድምፅ እኮ ነው!»

«እኔስ የምፈራው ምኑን ሆነና! ሙት ሰውን በስም ሲጠራ አቤት ያለ ተከትሎት ይሞታል፤ አባትህ አልነገረህም?»

«ዋሽንት ደግሞ መቼ ስም ይጠራል?» ብሎ ሆውኒ ከፈተው።

መጀመሪያ የወጣው ግን ዋሽንት አልነበረም። «ማኒሃይ! የት ቀረህ? ና እንጂ፣ እየጠበቅኩህ ነው!» አለ የአሪዋሩ ድምፅ።

ሴቶቹ ጮኹ። ማኒሃይ ድምፁ በተቀዳበት ቀን ጣሮ ሲቆፍር ቆይቶ ለልምምዱ ሳይደርስ ቀርቶ ነበር። አሁን ዜማው ጀምሯል፤ ወንድሙ አንዱን ነፍቶ ሌላውን ይዘላል፣ ክፍተቱም ባዶውን ያልፋል። ቢነፋ አቤት ማለቱ ነው። ዝም ቢል ወንድሙ መንደሩ ውስጥ ሲንከራተት ሊኖር ነው። ሞትን ፈራ፤ እንደ ሕፃን ፈራ። ሆውኒ ደንግጦ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለ ማኒሃይ።

«እመጣለሁ ወንድሜ» አለ ወደ ማጉያው ዞሮ፤ «ግን ታውቀኛለህ፣ መዘግየቴ አይቀርም። አንተ ቅደም፣ አትጠብቀኝ።»

ከዚያ ዋሽንቱን ወደ ከንፈሩ አስጠጋና አንድ ትንፋሽ ዘግይቶ ገባ።