አባ ኪሮስን «አንተ» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ሰቆጣ ወዳለችው ጋራዤ መጣ። ካርቡራቶሩን ራሱ አጥቦት፣ ከዚያ ወዲያ አልነሳ ብሎታል። የካርቡራቶሩን የታች ክዳን ስፈታ ከቤንዚኑ ሥር አንዲት የውኃ ጠብታ ወዲያ ወዲህ ተንከባለለች። እጄ ደርቆ ቀረ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ልጁ። ምን ብዬ ልንገረው? በዚህ ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል፤ ቤንዚን ውስጥ ውኃ ባየሁ ቁጥር ግን ዛሬም እደነግጣለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነው። ወልድያ ሁለት ዓመት መፍቻ ሳቀብል ከርሜ፣ መካኒክ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ አገሬ ተመለስኩ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጠፍቶ ስለነበር እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ያለች አንዲት መንደር የምትጠጣው ከወንዝ በትራክተር የሚመላለስላትን ውኃ ነበር። ትራክተሩ በቤንዚን የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ አሮጌ ነው፤ በርሜል የተደረደረበት ተሳቢ ይጎትታል። ነጂውም ጠጋኙም እኔ። ጠባቂው አባ ኪሮስ። አባ የምንላቸው ለዕድሜያቸው ነው እንጂ ቄስ ሆነው አይደለም። የአፍ መፍቻቸው ኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጡ ቀስ ብለው ያወሩታል። ከማሽላ ቂጣቸው ግማሹን ሳይሰጡኝ አይበሉም። ቂጣው በግንቦት ሙቀት ጣውላ ይሆናል፤ ማር ሲገኝ በማር፣ ሲታጣ በአዋዜ እንቆረጥመው ነበር። የዋግን ማር ያልቀመሰ ሰው ስለ ማር ባያወራ ደስ ይለኛል።

አንድ ሰኞ ትራክተሩ ዳገት ላይ ያስል ጀመር። መንደር እንደደረስን ካርቡራቶሩን ፈታሁ፣ አጠብኩት፣ ቀዳዳዎቹን በአፌ ነፋሁና መልሼ ገጠምኩት። የማስነሻውን ብረት ባዞር ባዞር ወይ ፍንክች። ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፤ ብልጭታው ደህና ነው። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ደርድረው ዋሉ። ወንዙ በእግር ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ መንደሯ ውስጥ ደግሞ አራስ አለች፣ ሕፃናት አሉ። አባ ኪሮስ ከሁሉም በላይ ተጨንቀው ትራክተሩን ይዞሩታል።

ማክሰኞ ማለዳ ሳየው የነዳጁ መዝጊያ ተዘግቷል። ለማጠብ ስል የዘጋሁት እኔው ራሴ፣ መልሼ መክፈት የረሳሁትም እኔው! መንደሩን ሙሉ ቀን ያስጠማሁት በሁለት ጣት በምትዞር ነገር ነው። በእፍረት ፊቴ ጋለ። ማንም ሳያየኝ ከፈትኳትና ብረቱን አዞርኩ። አሁንም እምቢ! ማመን አቃተኝ። ከነዳጅ ታንከሩ ሥር በብርጭቆ ብቀዳ፣ ቤንዚኑ ከላይ ተንሳፍፎ ከታች የጠራ ውኃ ተኝቷል።

ቤንዚን ሰርቆ በውኃ መተካት ያኔ የታወቀ ሌብነት ነበር። ታንከሩ አጠገብ የሚያድሩት ደግሞ አባ ኪሮስ ብቻ ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ስለ መዝጊያዋ ከመጠየቅ የሚያድነኝ ሌባ በማግኘቴ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ፣ «ቤንዚኑን ሸጠህ ውኃ ሞላህበት! አንተ ሌባ!» አልኩ።

ሁሉም ክው አለ። «ሌባ» ከማለቴ ይልቅ «አንተ» ማለቴ ነው ሰዉን ያስደነገጠው። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደንግጬ ነበር፤ ግን አልተመለስኩም።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጋችን መሐላ ጠየቁ። «ማርያም ደጅ ይሂዱና፣ ታንከሩ ውስጥ ምንም አልጨመርኩም ብለው ይማሉ፤ ይበቃናል» አሏቸው።

«አልምልም» አሉ አባ ኪሮስ።

ሰዉ አጉረመረመ። እኛ ዘንድ አልምልም ማለት ሰርቄያለሁ ከማለት አይለይም። እኔም እንዳሸነፈ ሰው ብርጭቆውን መሬት ላይ ደፋሁት፤ በጫማዬም ረገጥኩት።

አባ ኪሮስ ጮኹ። ተንደርድረው መጥተው እግሬ ሥር ተንበረከኩ፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተውን ጭቃ በእጃቸው እየዛቁ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩ ጀመር። «አትርገጠው ልጄ! የማርያም ጸበል ነው! ለወገቤ ያስቀመጥኩትን ነው፣ ትራክተሩን ይማረው ብዬ ማታ የጨመርኩበት። ጨምሬ እንዴት አልጨመርኩም ብዬ ልማል? አንተ ያን እያሳየህ ሌባ ስትለኝ ምላሴ ታሰረ» አሉ፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

ጫማዬን ከጭቃው ላይ አነሳሁ። ከታንከሩ የቀረውን የማርያም ቄስ መጥተው እግር በማይረግጠው ቦታ አስፈሰሱት፤ ትራክተሩም ቀትር ላይ ተነሳ። ውኃ መጣ። አባ ኪሮስ ግን ጥበቃውን ያን ዕለት ተዉት።

በነጋታው ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ወደቅሁ። ድንጋዩን ከትከሻዬ አነሱልኝና ይቅር አሉኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ እኔ ባልጨምርበት ማክሰኞ ጠዋት ይነሳ ነበር?»

«አዎ፣ ይነሳ ነበር» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ሰኞ ምን እንዳቆመው ግን ዋጥኩት። እንዲያ ተዋርጄ ሌላ ውርደት ለመጨመር አቅሙ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የጭነት መኪና ስነዳ፣ ዓርብ ዓርብ ጀሪካን አዝለው ከወንዝ ወደ ማርያም ሲወጡ አገኛቸው ነበር። ቆሜ «ልጫንዎት» ስላቸው «በእግሬ ነው የምሄደው» ይሉኛል። መንፈሳዊ ሰው ናቸው ብዬ ጥሩምባ ነፍቼ አልፋለሁ።

አምና ተዝካራቸው ላይ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ልጃቸው አልጋነሽ ነገሩን ነገረችኝ። የዓርቡ ጀሪካን ቀኖና ነበር። አባ ኪሮስ «የመንደሩን ውኃ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ» ብለው ንስሐ ገብተው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙት ቅጣታቸው ነው። ያን ቀንም ስለ መዝጊያዋ አልነገርኳትም።

ባለፈው ሳምንት ያ ጎረምሳ ሞተሩን አስነስቶ ከሄደ በኋላ ጋራዡን ዘግቼ አልጋነሽ ቤት ሄድኩ። ስለ መዝጊያዋ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት፤ ይቅር በይኝ አልኳት። እስካሁን ያቆየሁት ቁጣዋን ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«እኔስ ይቅር ልበልዎት» አለችኝ፣ «ሸክሙ ከማን ጀርባ ላይ ይወርዳል?»