የሙሽራው እናት ጥለት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቦንጋ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት አልፎኛል፤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ሰልችቶኝ የእትዬ ዘነበችን ስፌት ቤት አንኳኳሁ። በሩ ክፍት ነበር። ክፍት በር ማንኳኳቴን አይተው ሳቁ።

«ግቢ እንጂ! ዲግሪሽ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያውቃል?»

«እሺ» አልኳቸው። ጥያቄው እሺ የሚባልበት አልነበረም፤ ስፈራ ግን የሚቀድመኝ መልስ ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በካውያ ተኮስኩ፣ ቁልፍ ተከልኩ፣ ዘርፍ አጠፍኩ። ቀጥሎ ሜትሩና የልክ ደብተሩ ተሰጡኝ። በደብተሩ ላይ ስም፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ እጅጌ፣ የጥለት ቀለም፣ የሚወሰድበት ቀን ይጻፋል። መቀስ ለመያዝ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። «የተሰፋ ይፈታል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም» ይሉኝ ነበር እትዬ ዘነበች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከጥምቀት በፊት፣ ሁለት ሴቶች በባጃጅ መጡ። አንዷ እትዬ አልማዝ ናቸው፤ ቦንጋ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ፣ ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ሚስት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ከማንኪራ መንደር የመጡ፣ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሱ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ወር ሆኗል። ልጃቸው ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ ነው። ድግሱን የያዙት እትዬ አልማዝ ነበሩ።

እትዬ ብርቄን ለመለካት ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰድኳቸው። በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ አናገሩኝ። እናቴ በቤት የምታናግረኝ በእሱ ስለሆነ በካፊኖኖ መለስኩላቸው። ፊታቸው ተፈታ።

«ጥለቱ አረንጓዴ ይሁንልኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዝናብ ያገኘው የቡና ቅጠል ዓይነት። ለአልማዝ እኔ ብነግራት ወንድሟን የረሳሁት ይመስላታል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ሥራውም የአንቺ ነው፤ ንገሪልኝ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ከመጋረጃው ስወጣ እትዬ አልማዝ ከእትዬ ዘነበች ጋር ጨርሰዋል። «ነጭ ቀሚስ በጥቁር ጥለት። ዓመት ያልሞላው ሐዘን ነው። ሰው የሚያየው እሷን ነው» ይላሉ። እትዬ ዘነበች ካፊኖኖ አይሰሙም፤ ከመጋረጃው ጀርባ የተባለውን አላወቁም። ወደ እኔ ዞረው «ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩ። የጥለት ቀለም፦ ጥቁር። እትዬ ብርቄ ማንበብ ስለማይችሉ፣ የጻፍኩት የእሳቸውን ቃል መስሏቸው ፈገግ አሉልኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም። ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ወደ መጋረጃው ጀርባ እገባለሁ። በካውያ እየተኮስኩ የምናገረውን እለማመዳለሁ፤ «እትዬ አልማዝ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ነበር…» ከዚህ አላልፍም። አንድ ቀን ከደብተሩ ስልካቸውን አውጥቼ ደወልኩ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» ብዬ ዘጋሁ።

ጥለት የሚሠራልን ሸማኔ ጥቁሩን አመጣ። ለክቼ ቆረጥኩት፤ በአንገቱ፣ በደረቱ፣ በእጅጌውና በታችኛው ዘርፍ ላይ ሰፋሁት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። እትዬ ዘነበች በጣታቸው ዳስሰው «እጅሽ ገባ» አሉኝ። ሲያመሰግኑኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ቀሚሱን አጥፌ መደርደሪያው ላይ፣ ከሌሎች ልብሶች ሥር ከተትኩት።

ሠርጉ እሑድ ነው፤ ለመሞከር የመጡት ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እትዬ ብርቄ ለብሰው ከመጋረጃው ወጡ። መስታወቱን አላዩም። እኔን ነው ያዩት።

«አልነገርሻትም?» አሉ በካፊኖኖ።

እትዬ አልማዝ ቀና አሉ። «ምኑን ነው ያልነገረችኝ?»

ሜትሩን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ እጎትተው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። «እሳቸው… አረንጓዴ ነበር ያሉኝ። እንድነግርዎት ልከውኝ ነበር። በለካኋቸው ቀን።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽንም ሰፍተሽዋል እንዴ?»

እትዬ አልማዝ እኔን ተዉኝ። «ብርቄ፣ ወንድሜ እኮ ዓመት አልሞላውም። ሰው ምን ይላል?»

እትዬ ብርቄ ገበያ ላይ በለመዱት አማርኛ መለሱ። «ሰው ይላል። ሙሽራ ቤቴ ስትመጣ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው። ጥቁር ከተቀበላት… እፈራለሁ፣ አልማዝ። በዚያ በር ሬሳ ከወጣ ገና ስምንት ወር አልሞላውም። ልጄን እፈራለታለሁ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ለአንድ ቀን ነው። ሰኞ መልሼ ጥቁሬን እለብሳለሁ።»

እትዬ አልማዝ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ለካውያ የተዘጋጀ ሸሚዝ ላይ መቀመጣቸውን ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁሽ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔም» አልኩ።

«እኔ ደግሞ ሰው ወንድሟን ቶሎ ረሳች ይለኛል ብዬ ስፈራ ከረምኩ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ የቢሮ ድምፃቸው ተመለሰ። «ነገ ስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«አራት ሰዓት» አልኩ። አረንጓዴ ጥለት መኖሩን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እትዬ ዘነበች ሳጥን ከፈቱ። ከሌላ ሴት ቀሚስ የተረፈ አረንጓዴ ተገኘ። «ለአንገትና ለደረት ነው የሚበቃው» አሉ። «እጅጌውና ዘርፉ ባዶ ይቀራሉ።»

«ባዶ ይቅር» አሉ እትዬ ብርቄ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስፌት ቤቱን ከፈትኩ። ጥቁሩን ጥለት በምላጭ ክር በክር ፈታሁ። ፈጥኜ ብቆርጥ ጨርቁን እቀደው ነበር። ጥቁሩ ሲነሳ በነጩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ መስመር ቀረ። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በካውያ ተኮስኩት፤ አብዛኛው ጠፋ። በእጅጌው ላይ ያለው ግን ቀርቦ ለሚያይ ዛሬም ይታያል።

አረንጓዴውን ሰፋሁ። ጥቁሩን ጠቅልዬ በክር አሰርኩና ለሰኞ ብዬ ከቀሚሱ ጋር በአንድ ከረጢት አስገባሁት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

የቀረውን ግማሽ ሰዓት የልክ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከጥለት ቀለም በላይ አዲስ መስመር አሰመርኩና «ለባሿ ያለችው» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ በስፌት ቤታችን ልብስ የሚታዘዘው ከሚለብሰው ሰው አፍ ነው። ያዘዘው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ለባሹ ያለው በሁሉም ፊት ይነበባል። ሳነብ ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ሆኖም አነባለሁ።