ታላቄ ነው

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለበትም፤ ሩቅ አገርም አልተሄደበትም። ሁሉም ነገር የሆነው ጅማ መርካቶ ውስጥ፣ ከእህል ተራው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅና ከእሷ ብዙም በማይርቀው የቀበሌያችን አዳራሽ ነው። ልጽፈው ማሰቤን ለእናቴ ስነግራት፣

«ስለ ምን?» አለችኝ።

«ስለ አባባ። ስለዚያ ቆርቆሮ።»

«ኮሌጅ የገባሽው ስለ ቆርቆሮ ልትጽፊ ነው? ሰው ምን ይለናል? ቢያንስ ስለ ወርቅ ጻፊ።»

እናቴን ማስከፋት አልወድም፤ ነገር ግን ስለ ወርቅ የማውቀው የለኝም።

አባቴ ኩራዝ ሠሪ ነበር። የዘይት ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ ይጠቀልላል፣ ይበይዳል፣ ክሩ የሚያልፍበትን አፍ ያወጣለትና ይሸጣል። የገበያ ቀን እየተከተለ ሰኮሩም፣ ደዶም፣ አጋሮም ይወጣ ነበር። እሱ እንደሚለው ከሆነ በእነዚህ አገሮች የእሱ ኩራዝ ያልገባበት ቤት አልነበረም። አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ፣ ማለትም አጎቴ፣ እንደሚለው ከሆነ ደግሞ ሰዉ የሚገዛው ከአባቴ ወሬ ለመገላገል ነበር። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት አባቴ ታሞ ሞተ። ሱቁ ለአጎቴ ቀረ።

አባቴ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። በሕይወቱ የተነሳው አንድ ፎቶ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳው ነው። እሱም ቢሆን ፎቶ አንሺው «እንዳይንቀሳቀሱ» ሲለው፣ አባቴ የመብራቱ ክዳን ከምን ዓይነት ቆርቆሮ እንደተሠራ ለማየት ዞር አለ። ስለዚህ ጥርት ብሎ የወጣው ጆሮው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ጭጋግ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ፣ «መታወቂያ ለሰው እንጂ ለጆሮ አይሰጥም» ብሎ ሊመልሰው ነበር ይባላል።

ትምህርት ከጀመርኩ በኋላ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የአባቴን ፊት ለማስታወስ ሞከርኩ። ጢሙ መጣ። ቆቡ መጣ። ጆሮውማ በደንብ መጣ። አፍንጫው ግን አልመጣም። ውሃው ከእጄ እየተንጠባጠበ ብዙ ቆሜ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ዛሬ አፍንጫው ከጠፋ ነገ ዓይኑ፣ ከዚያ ደግሞ ድምፁ ይከተላል ብዬ ፈራሁ። እናቴን ልጠይቃት አልቻልኩም። ከለቅሶው በኋላ ስለ እሱ ማውራት ትታለች። ሰው ሲያነሳባት «አላህ ይዘንለት» ትልና ወዲያው ስለ ስኳር ወረፋ ታወራለች።

በዚያው ሰሞን የእጅ ሥራ አስተማሪያችን በአካባቢያችን ከሚገኝ ነገር አንድ አንድ ሥራ ሠርተን ለዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን እንድናቀርብ አዘዙን። ከተማሪዎቹ አንዱ ከቡና ፍሬ የኢትዮጵያን ካርታ መሥራት ጀመረ። እኔ በአጎቴ ሱቅ ሆኜ የአባቴን ራስ ከቆርቆሮ ልሠራ ወሰንኩ። ውስጡ ኩራዝ ይቀመጣል፤ ፊቱ በምስማር ይበሳል፤ መብራቱ በቀዳዳዎቹ ሲወጣ የአባቴ ፊት በጨለማ ውስጥ ይታያል። እጄ እየሠራ ሳለ አፍንጫው ራሱ ይመጣል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

አጎቴ ሥራውን ባየው ጊዜ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ማን ነው ይሄ?»

«አባባ ነው፣ ጋሼ።»

«ወንድሜ መቼ ነው የማንቆርቆሪያ አፍንጫ ያወጣው? ይሄ እኮ ሻይ ይቀዳል!»

አፍንጫውን ነቅዬ ሌላ በየድኩ። አጭር ሆነ። አጎቴ «ይሄ ደግሞ ተቆጥቶ የሰበሰበው ይመስላል» አለኝ። ሦስተኛውን ሳሳየው ምንም ሳይናገር ወጥቶ ጫት ሊገዛ ሄደ፤ ከስድብ የከፋው ይህ ነበር።

እናቴ ምሳ ይዛልን ስትመጣ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቆመው። በሃይማኖታችን የሰው ምስል ማበጀት አይወደድምና ልታየው አልፈለገችም።

«ምስል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም» አለች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች።

«ቤት አላስገባውም፣ እማ። እዚሁ ሱቅ ነው የሚቀመጠው።»

«ሱቅስ አይመጡም?»

«ማሎ! ኧረ እባክሽ!» አለ አጎቴ። «ከብርሃን የተፈጠሩ መላእክት ኩራዝ ምን ሊያደርግላቸው ይመጣሉ?»

እናቴ እንዳትስቅ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። ሳህኖቹን ሰብስባ ስትወጣ ግን፣ «እኔ አላየሁትም፤ ጢሙ ግን በዝቷል» አለች። እኔም ጢሙን ቀነስኩለት። በማግስቱ፣ አሁንም ሳታየው፣ «አሁን ደግሞ አነሰ» አለች።

እንዲህ ስንል የዓለም ሠራተኞች ቀን ተቃረበ። ሌሎች ቀበሌዎች ለሰልፉ አንዳንድ ነገር አዘጋጅተዋል ስለተባለ ሊቀመንበራችን ተጨንቀው ነበር። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጭንቀታቸው ከፊታቸው ይነበባል። አንድ ቀን አጎቴን ለስብሰባ ሊጠሩ መጡ። እኔ መብራቱን ልሞክር በሩን ገርበብ አድርጌ ኩራዙን ውስጡ አብርቼ ነበር። የአባቴ ራስ ከነጢሙ በጨለማው ውስጥ ቦግ ብሏል። ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። በቀበሌው አዳራሽ፣ ከመድረኩ በላይ፣ የሦስት ጢማም የውጭ አገር ሰዎች ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሁላችንም በየስብሰባው እናያቸዋለን።

«ይሄ…» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ነው ይሄ?»

አጎቴ ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ታላቄ ነው» አላቸው። ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ታላቅ ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ። «ታላቅ ነው እንጂ! ዕድሜውን ሙሉ ለሠራተኛው የለፋ!»

«ኧረ ሲለፋ ነው የሞተው» አለ አጎቴ፤ ልቡ ተነካ።

«ለጭቁኑ ብርሃን የሰጠ!»

«እውነት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለክሩም አያስከፍልም ነበር።»

ሊቀመንበሩ ይህኛው አልገባቸውም መሰለኝ፤ ግን ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። ምስማሩን እንደያዝኩ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። የማንኛቸውን ደስታ መጀመሪያ እንደማበላሽ ስመርጥ ጊዜው አለፈና አፌን መልሼ ዘጋሁት። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ጋሪ ይዘው መጥተው አባቴን ወደ አዳራሹ ወሰዱት። በእንጨት ላይ ተሰክቶ ከሰልፉ ፊት ሊሄድ ነው ተባለ።

ወሬው እናቴ ጋ ለመድረስ ከጋሪው አልዘገየም።

«ባልሽን ሊያሰልፉት ነው» አለቻት ጎረቤታችን።

«አስተግፊሩላህ! በሕይወቱ ሰልፍ ሲባል ወገቡን የሚያመው ሰው?» እናቴ ጫማዋን እንኳ አላሰረችም። እኔና አጎቴ ከኋላ ከኋላ ተከተልናት። በመንገዱ ላይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆርቆሮውን ራስ ካስፈረሰችው ፍለጋዬ በዚያው ይቀራል፤ አፍንጫውን ሳላገኘው አባቴ ዳግመኛ ይቀበራል።

አዳራሹ ውስጥ መስኮቶቹ ተዘግተው፣ ራሱ በጠረጴዛ ላይ በርቶ፣ ኮሚቴው ዙሪያውን ቆሞ ነበር። ሦስቱ ጢማሞች ከላይ ያዩታል። እናቴ ገባች። ፊቷን የምታዞርበት ቦታ አልነበራትም፤ በየትም ብትዞር ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ከጢሙ እስከ ጆሮው አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ ባሌ ነው» አለች ለሊቀመንበሩ።

«የለም እናቴ፣ እኚህ የዓለም ሠራተኞች መምህር ናቸው።»

«የዓለሙን አላውቅም። ይሄ ጆሮ ግን የባሌ ጆሮ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ስጮህበት የኖርኩትን ጆሮ ይጠፋኛል?»

ሊቀመንበሩ ቀና ብለው የሦስቱን ሰዎች ጆሮ በየተራ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ።

«ማን ነው ነበር ያሉኝ?»

«‹ታላቄ ነው› ነው ያልኩት። ታላቅ ወንድሜ። ጓድም ታላቅ ነው አሉኝ፤ አመሰገንኩ።»

ከኮሚቴው አንዱ ሳል የመሰለ ሳቅ ለቀቀ። ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አወለቁና ወደ ራሱ ጠጋ አሉ።

«ኩራዝ ሠሪው ናቸው እንዴ? እኔም ቤት ኩራዛቸው አለ። ግን እናቴ፣ አፍንጫቸው እንዲህ ነበር?»

«ምኑ?» አለች እናቴ። ቀጥሎ ስለ ስኳር ወረፋ ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላነሳችም። «ይሄ ምኑም አይደለም! የሱ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫፉ ላይ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ሲዋሽማ ይብሳል።»

«ወደ ግራ ነው» አለ አጎቴ።

«ወደ ቀኝ!»

«ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ የሠራሁት እኔ ነኝ። ወደ ግራ!»

«አጠገቡ ተቀምጠህ ያየኸው ጉንጩን ነው!»

ኮሚቴው አባቴን መለሰልን። ቀበሌያችን ለሰልፉ በምትኩ ከካርቶን የተሠራች ርግብ ይዞ ወጣ፤ በርግቧ አፍንጫ ማንም አልተከራከረም። የእኛ ክርክር ግን ወደ ቤት፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ ገበያ ተከተለን። እናቴ በየቀኑ ምሳ ይዛ ስትመጣ አሁን ፊቷን ወደ ራሱ አዙራ ነው የምትቀመጠው፤ ስትከራከር ደግሞ ሌላውም አብሮ ይመጣል። ሲስቅ አፍንጫው እንዴት እንደሚሸበሸብ፣ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚቀላ፣ ያገባት ሰሞን በዚያው አፍንጫ የተነሳ እህቶቿ እንዴት እንዳሾፉባት ነገረችን። አጎቴ እየተቃወመ፣ እሷ እየተቆጣች፣ እኔ እየበየድኩ ሰነበትን።

በመጨረሻ እናቴን ከራሱ ፊት ለፊት፣ አጎቴን ከጎኑ አስቀምጬ፣ እያንዳንዳቸው በእጃቸው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱም ያመለከቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ ወደ እህል ተራው በኩል። እሷ ፊት ለፊቱ ሆና ወደ ራሷ ቀኝ፣ እሱ አጠገቡ ሆኖ ወደ አባቴ ግራ እየቆጠሩ ነበር የከረሙት። አጎቴ እጁን ሳያወርድ፣ «ታዲያ ከመጀመሪያው ወደ እህል ተራው ነው አትይም ነበር!» አላት።

ምስማሩን አንስቼ አፍንጫውን ወደዚያ ገፋ አደረግሁት። ኩራዙን አበራን። አባቴ ነበር፤ ሊዋሽ ሲል። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ አጎቴም ቆርቆሮ የሚፈልግ መስሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ካበቃች በኋላ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «አሁን ያዝሽው?» አለችኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጢሙ፣ ቆቡ፣ ጆሮው፣ አፍንጫው፤ ሁሉም በየቦታው ነበሩ።

«ያዝኩት፣ እማ።»

«እንግዲያ ቁረጪና ክፈቺው። ምስሉ አይቆይ።»

ለኤግዚቢሽኑ ምን እንደማቀርብ አሰብኩ፤ ግን መቀሱን እሷው ነበረች ያቀበለችኝ። ከኋላው ጀምሬ ቆረጥኩት፤ አጎቴ በመዶሻ ዘረጋልኝ። ፊት የሌለው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ሆነ፤ ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀሩ። አስተማሪዬ ፊት ከኋላው ኩራዝ አድርጌ አቆምኩት፤ ብርሃኑም ግድግዳው ላይ ተበተነ።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አባቴ ናቸው።»

«የት ጋ?»

ኤግዚቢሽኑን ልታይ የመጣችው እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አሁን እዚህ የለም፤ ቤት ገብቷል» አለቻቸው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁንም። የኔና የአባቴ የአፍንጫ ጉዳይ በዚህ ተዘጋ፤ ቀኑም ሰኔ 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር።