ጋሽ አይነቃነቁ እና ጆሮ ቆራጣዋ ጦጣ

በዚያች ከተማ መታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እሱ ፊት ተቀምጦ «አይነቃነቁ» ተብሏል። ለሕፃኑም ለሽማግሌውም፣ ለዳኛውም ለሌባውም ቃሉ አንድ ነው። እውነተኛ ስሙን ሰው ከረሳው ቆይቷል፤ ጋሽ አይነቃነቁ ይሉታል፣ እሱም አቤት ይላል። አንድ ቀን ገበያ መሃል አንድ ወዳጁ ከሩቅ «ጋሽ አይነቃነቁ!» ብሎ ቢጣራ፣ ዕቃ ተሸክማ የምታልፍ ሴትዮ ደንግጣ ቀጥ ብላ ቆመች ይባላል።

ፎቶ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ከኋላ ነጭ መጋረጃ፣ ከፊት በማቆሚያ ላይ የተተከለ ካሜራ፣ መሃል ላይ የምትሽከረከር ዱካ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ጥርሷ የረገፈ ማበጠሪያ የተንጠለጠለባት መስታወት። ኮምፒውተሩን የምትይዘው ልጁ ናት። ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ድንገት ሲቋረጥ፣ ወይ ክር ተበጥሷል ወይ ልትነተርከኝ ነው ብሎ ይዘጋጃል።

እሑድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ረጅሙን ሌንስ በትከሻው አንጠልጥሎ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ወዳለው ደን ይወጣል። እዚያ ጦጣዎች አሉ። ሲያሻቸው ይዘላሉ፣ ሲያሻቸው ጀርባቸውን ይሰጡታል፣ አንዷ ቁጭ ብላ ደህና አቀማመጥ ስትይዝ ሌላዋ መጥታ ጅራቷን ትጎትታታለች። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያደርቅ የከረመ ሰው፣ ትእዛዙን ከምንም የማይቆጥር ፍጥረት ማየት ሳያስደስተው አይቀርም።

ካሜራውን በእጁ ይዞ ነው የሚያነሳቸው። አንድ ጊዜ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ይዞ ሄዶ ነበር። እግሮቹን ገና መዝዞ ሳይጨርስ መንጋው በሙሉ ዛፉን ለቆ ጠፋ። ከደኑ ዳር ያሉ አትክልተኞች በረጅም ዱላ ስለሚያባርሯቸው፣ የሚረዝም ነገር ካዩ አይቆሙም። ከዚያ ወዲያ ክርኑን ከጎኑ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ግማሽ ድረስ አውጥቶ፣ ጣቱን በቀስታ መጫን ብቻ ሆነ። በዚህ ይኮራል። «ማቆሚያ ለምኔ፣ እጄ አለ አይደል!» ይላል ለሙያ ጓደኞቹ። እነሱም ይቀኑበታል፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስባል።

ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በግማሽ የተቀዳ ሻዩን አጠገቡ አድርጎ፣ ያመጣውን ሲመርጥ ሚስቱ ከኋላው ታልፋለች።

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!»

«ዝንጀሮ አይደለችም፣ ጦጣ ናት።»

«እሺ፣ ይቅርታ በልልኝ።»

ከመንጋው ሁሉ ልቡ የገባችው አንዲት አሮጊት ጦጣ ናት። አንድ ጆሮዋ ከግማሹ ስለሌለ ጆሮ ቆራጣዋ ይላታል። በዚያ ሰሞን ወልዳ ነበር። ግልገሏን ከሆዷ ለጥፋ፣ ከሌሎቹ ተለይታ፣ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እሱም የሁለቱን ዓይን በአንድ ላይ፣ ጥርት አድርጎ ማንሳት ተመኘ። ግልገል ደግሞ አይጠብቅም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ከእናቱ ሆድ ወርዶ ሲዘል ይውላል።

አንድ እሑድ ጠዋት ቀናው። ጆሮ ቆራጣዋ ፀሐይ ልትሞቅ ወደ ታች ወረደችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ግልገሉ ራሱን አውጥቶ አየው። ጋሽ አይነቃነቁ ደጋግሞ አነሳ። በመመልከቻው ውስጥ ጦጣዋ ስትዋልልበት ልብ ብሏል፤ ነገር ግን ልቤ ስለዘለለ ነው ብሎ አለፈው። ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያፏጭ ነበር።

ልጁ ፎቶዎቹን ከፈተች። የመጀመሪያው ብዥ ያለ ነው። ሁለተኛውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። የጦጣዋን ዓይን አጉልታ ስታሳየው፣ ዓይኑ በጣት እንደታሸ ቀለም ተዘርግቷል። እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ ሌንሱን በሣጥኑ ከተተው።

«ከጓደኞችሽ የሚገዛ ካለ ጠይቂልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ሌንሱን። እጄ አብቅቶለታል።»

ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ። ሚስቱ ግን አልመጣችም።

ልጅቱ ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሰው በሳምንት ውስጥ እንዲህ ይሆናል? ሌንሱን አውጥታ ስታገላብጠው ጎኑ ላይ ካለችው ትንሽ ቁልፍ ላይ ዓይኗ አረፈና ክው አለች። ያቺ ቁልፍ ስትበራ ሌንሱ የእጅን መንቀጥቀጥ በራሱ ያበርዳል። ካሜራው ማቆሚያ ላይ ሲሆን ግን መጥፋት አለባት፤ ይህንን ያስተማራት ራሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌንሱን ለምረቃ ሥራ ወስዳ ማቆሚያ ላይ ስትተክለው አጥፍታት ነበር። መልሳ አላበራቻትም። እሱ ደግሞ ሌንሱን ከገዛ ጀምሮ ነክቷት ስለማያውቅ፣ ለማየት እንኳ አላሰበም።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው!» ብላ እየሮጠች ነገረችው።

ሊቆጣት ይገባ ነበር። እሱ ግን አቅፎ ሳማት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ራቱን ደግሞ በላ፣ ስለ ጆሮ ቆራጣዋ ቀልድ አወራ፣ «እጄ ምን ሆነና!» እያለ ጠረጴዛውን መታ። ሚስቱ አብራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ነው ሐሳቡ የመጣበት። የድሮው ሌንሱ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልነበረውም። በዚያ ሌንስ፣ በዚሁ እጁ፣ የሚበር ወፍ ላባው እስኪቆጠር ድረስ ያነሳ ነበር። ታዲያ ቁልፏ ስትጠፋ ለምን እንዲያ ሆነ?

ልጁ ሳትመጣ በሩ ላይ ቆመና ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ አነሳ። ቁልፏን አብርቶ ሲያነሳ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል። አጥፍቶ ሲያነሳ ድርብርብ ይሆናል። ክርኑን ለጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በሩን ተደግፎ ሞከረ። ያው ነው። ዱካዋ ላይ፣ ደንበኛ በሚቀመጥበት ቦታ ቁጭ አለና ቀኝ እጁን ፊቱ ዘርግቶ አየው። እጁ አልታዘዝም አለው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ሌንሱ ስንት ጊዜ ሙሉ ሲሸፍንለት ኖሯል፣ እሱ ደግሞ በእጁ ሲኮራ።

ፈራ። ማልቀስ አማረው፤ ግን ደንበኛ ሊገባ ይችላል።

ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ማዶ ሄደ። ሚስቱ የተማሪ ሱሪ ጠርዝ እየሰፋች ነበር።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አላት በር ላይ እንደ ቆመ።

መኪናዋን አቆመች። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሻይህን በግማሽ የምቀዳልህ ለምን ይመስልሃል? ስኳር የተወደደብኝ መሰለህ?»

እሷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በሱሪው ጨርቅ ጠረገች።

«ቀድመህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ» አለች። «ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። አንተ ለጦጣ እንጂ ለኔ አታወራ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? ና፣ ልብስህን ቀይር፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሐኪሙ እጁን አስዘረጋው፣ መስመር አስሰመረው፣ አራመደው። የሚፈራው በሽታ አይደለም አለ። ሆኖም ቀስ እያለ ይጨምራል፤ የሚያበርደው ክኒን አለ፣ የሚያጠፋው ግን የለም። ጋሽ አይነቃነቁ ይህንን ሰምቶ ሲወጣ፣ ሚስቱ መንገድ ሲያቋርጡ እንኳ ይዛው የማታውቀውን ክንዱን ያዘችው።

እሑድ ሲደርስ ሌንሱ ከሣጥኑ አልወጣም። ቁልፏን አብርቶ ቢሄድ፣ ቢሳካለትም ያነሳው ሌንሱ እንጂ እሱ አይመስለውም። ሚስቱ ይህንን ስትሰማ በጨዋ ደንብ አልመለሰችም።

«ምን ያለው ነገር ነው! እኔስ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ላስገባ? የሰፋሁትን ልብስ መነጽሩ ነው የሰፋው? ተነሥ፣ እኔም እሄዳለሁ።»

በሕይወቷ ለአፍታ አርፋ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ናት። ዳገቱን ስለ ጫማዋ እያማረረች ወጣች። ከዛፎቹ ሥር ብርሃኑ ደካማ ነበር፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት ስላለበት፣ ቁልፏ በርታም እጁ አልበቃ አለ። ጆሮ ቆራጣዋ ግን እዚያው አለች፣ ግልገሉም ከሆዷ ገና አልወረደም። ሚስቱ ወደ እሱ አየች፣ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ ሳትጠየቅ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አስደግፈው» አለች ትከሻዋን እየነካች።

ተንበርክኮ ሌንሱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ጦጣዋ በመመልከቻው ውስጥ ቀጥ አለች።

«አይነቃነቁ» አለ፣ በልማድ፣ በአክብሮት።

ሚስቱ ሳቋን ዋጠች። ጉንዳን እግሯ ላይ እየወጣ እንደነበር የተናገረችው በኋላ ነው። ግልገሉ ራሱን አውጥቶ፣ እናቱ ወደ ታች እስክታይ ድረስ፣ ያቺ ሴት ትንፋሿን ይዛ ተቀመጠችለት።

ፎቶው አሁን ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል። አራቱም ዓይኖች ጥርት ብለው ያያሉ። ከታች በኩል ጥግ ላይ ግን ሰማያዊ ብዥታ አለ፤ ሌንሱ ፊት የገባ የሚስቱ ሻሽ ጫፍ ነው። ልጁ ልታትመው ስትል አይታው ነበር።

«አባዬ፣ ይሄን ልቁረጠው? ፎቶውን አበላሽቶታል።»

እሱ ሞልቶ የተቀዳ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ትንሽ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረገውም።

«እንዳትነኪው» አላት።