የዘገየ መርዶ

ልጅ ሳለሁ በእስራኤል፣ በክፋር አቭራሃም ሰፈር ከምንኖርበት ሕንጻ ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙላት ማታ ማታ በቆሎ እየጠበሱ ተረት ይነግሩን ነበር። ቤታቸው ከእኛ ራቅ ቢልም ከፋብሪካ ሲመለሱ በእኛ በኩል ያልፋሉ፤ ትንሿን የከሰል ምድጃ ያቀጣጥላሉ፤ እኛ የሕንጻው ልጆችም በተገለበጡ የአትክልት ሣጥኖች ላይ እንደረደራለን። የደረጃው መብራት ጥቂት በርቶ በራሱ ስለሚጠፋ፣ ተረቱ ሲያስፈራ ማን ሄዶ ያብራ በሚል እንጣላ ነበር። ያኔ ፍሙ ብቻ ቀርቶ ፊታቸው ቀላ ብሎ ሲታይ፣ ጭሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ወደ ኋላ አልሸሽም። የላይኛዋ ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብላ ስለ ጭሱ በዕብራይስጥ ስትጮህባቸው «በሰደር፣ በሰደር»፣ እሺ እሺ፣ ይሏትና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የአያ ሙላት ሙታን ሰው አይበሉም፤ ግራ የገባቸው ምስኪኖች ነበሩ። ከሁሉም የምወደው የቀጥቃጩን ነው። ቀጥቃጩ ገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ በድንገት ይሞታል፤ መሞቱን ግን ስላላወቀ ማታ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሚስቱ ወሬውን ሰምታለች፤ ሆኖም «ዛሬስ ደክሞታል፣ ነገ እነግረዋለሁ» ብላ እራቱን ታቀርብለታለች። ነገ ሲመጣም ለሌላ ነገ ታስተላልፈዋለች። ሰውዬው በየማታው «ምግቡ አላጠግብ አለኝ፣ መዶሻው ቀለለኝ» እያለ ያማርራል። በመጨረሻ ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ ሞተሃል እኮ!» ስትለው፣ «ታዲያ ይህን ለመንገር ነው ይህን ያህል የምታለፉኝ?» ብሎ ጋቢውን አንሥቶ ይሄዳል። አያ ሙላት እዚህ ሲደርሱ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው የሟቹን ኩርፊያ ያሳዩናል፤ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ጊዜ ከትምህርት በኋላ የምንሰበሰብበት የልጆች ክበብ፣ ሞዓዶኑ፣ «የመንፈስ አደን» ብሎ በደቡብ በረሃ ወዳለ የተተወ የመዳብ ማዕድን መንደር ሊወስደን ሆነ። እናቴ አይሆንም አለች። «ሰው ከሙት ይሸሻል እንጂ ሙት ፍለጋ ይሄዳል?» አለች። ያስፈቀዱልኝ አያ ሙላት ናቸው። «ተያት፣ ትሂድ። ከቤት ርቃ አታውቅም፣ እስቲ ትሳቅ» አሏት። ሐሙስ ከሰዓት ጉዞ ጀመርን።

ዓርብ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ጣሪያቸው በወለቀ የሠራተኞች ቤቶች መካከል ስልኮቻችንን ዘርግተን ስንዞር ዋልን። መንፈስ ያገኛል የተባለ ጨዋታ ጭነንባቸው ነበር። «እዚህ ሰው አለ?» ብለን በዕብራይስጥ ስንጠይቅ፣ ከዛገ አልጋ ሥር ድመት ዘልላ ወጣችና ጫማችንን እስክንጥል ሮጥን። ሰንበት ሲገባ ግን ማብራትም መደወልም ስለማይፈቀድ ስልክም የእጅ ባትሪም ወደ ሻንጣ ገባ፤ መንፈስ አዳኞቹ ባዶ እጃችንን ቀረን። ያኔ ነው እኔ የቀጥቃጩን ተረት ያወጣሁት። ክፍል ውስጥ አፌን የማልከፍት ልጅ ከንፈሬን እንደ አያ ሙላት አሞጥሙጬ ስናገር ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ድገሚልን እያሉም አስደገሙኝ። መሪያችን ኦሪት፣ እዚሁ አገር የተወለደች የጎንደሮች ልጅ፣ ተረቱ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች። አስፈራኋት ብዬ ኮራሁ። በሕይወቴ የዚያን ምሽት ያህል ስቄ አላውቅም።

ኦሪት ያወቀችውን እኔ አላወቅሁም። አያ ሙላት ሐሙስ ማታ ልባቸው ቀጥ ብሎ ሞተዋል፤ ዓርብ ቀትር ላይም ተቀብረዋል። እናቴ ለኦሪት ደውላ፣ እስክመለስ እንዳትነግረኝ አደራ ብላታለች።

ቅዳሜ ማታ እናቴ አውቶቡሱ ጋ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አባብጦ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለችኝ። እራት አቅርባልኝ ስለ መንደሩና ስለ ድመቷ ስለፈልፍ እስክጨርስ ሰማችኝ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ሳሎኑን ሞሉት። በእኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር አውቅ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «አይዞሽ የኔ ልጅ» ብለው ሲጀምሩ ማንን ሊሉኝ እንደሆነ ከእናቴ ፊት አነበብሁ።

አልቅሼ ስጨርስ በዕብራይስጥ ጮህሁባት፤ ቀብራቸውን አስቀረሽብኝ አልኋት። እሷ በአማርኛ መለሰችልኝ፦

«ለቅሶው የትም አይሄድ፣ የኔ ልጅ። እስከዚያው ትጫወት ብዬ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ሳቅሽ?»

የገዛ ሳቄ አሳፈረኝ። እሳቸው አፈር ለብሰው ሳሉ እኔ ከንፈሬን ሳሞጠሙጥ ታየኝና «አልሳቅሁም» አልኋት። «ምንም ደስ አላለኝም።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። «እንግዲያ በድዬሻለሁ» አለች።

ዓመታት አልፈው እኔ ወታደር ሆኜ ለሰንበት ቤት በመጣሁበት ጊዜ የአባቴ አክስት ሞቱ። ታናሽ ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቀው ለኖረው ጉብኝት ከክፍሉ ልጆች ጋር ወደ ሰሜን መንገድ ጀምሮ ነበር። እናቴ አስተማሪውን በስልክ አስቁማ፣ አባቴን ልካ ከመንገድ አስመለሰችው። ልጁ አሮጊቷን በቅጡ እንኳ አያውቃቸውም። ሻንጣውን ሳይፈታ ጥግ ላይ ተቀምጦ እንባው ሲወርድ፣ የሚያለቅሰው ለማን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶን ነበር።

«እማ፣ እስኪመለስ ብትቆዪ ምን ነበረበት?» አልኋት።

«እንዳንቺ እንዳይቆጨው ብዬ ነው» አለችኝ። «አንቺን የበደልሁት ይበቃኛል።»

ከአያ ሙላት ተረቶች ብዙዎቹ ተረስተውኛል። የእናቴ ጥያቄ ግን አልወጣልኝም። ዛሬም አጠገቧ ስቀመጥ «ስቄ ነበር፣ እማ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ስቄ ነበር» ልላት አፌ ላይ ይመጣል። ከዚያ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። እውነቱን ከነገርኋት፣ እሱን ከመንገድ የመለሰችው በእኔ ውሸት መሆኑንም አብሬ ልነግራት ነውና ዝም እላለሁ።