አባቴ የጻፈልኝ ድርሰት

ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ በድርሰት ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አንዴም አልተያዝኩም። «የክረምት ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍኩ» ሲባል ሐዋሳ ላይ ዓሣ ስበላና በጀልባ ስንሸራሸር ከርሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ዕድሜዬ ከሱሉልታ ርቄ የሄድኩበት ትልቁ አገር ጫንጮ ነበር፤ እሱም ለሰርግ። «ሳድግ ምን መሆን እፈልጋለሁ» ሲባል፣ ደም ባየሁ ቁጥር የሚያዞረኝ እኔ ዶክተር ሆኜ ወገኔን አገለግላለሁ። ለሁሉም አሥራ ስምንት ከሃያ አገኝ ነበር፤ ከጎኑም በቀይ «በርቺ» ይባልልኛል።

የክፍሌ ልጆችም ከእኔ አይሻሉም። ሁላችንም የምንጀምረው «ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ድርሰት እንድጽፍ ዕድሉን ለሰጡኝ መምህሬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ» ብለን ነው፤ ዕድሉ የተሰጠን በግድ መሆኑን ማንም አያነሳም። ስለ ትምህርት ቤታችን ስንጽፍ ግቢው «በዛፎች የተከበበና ነፋሻማ» ይሆናል። ነፋሱ እውነት ነው፤ የሱሉልታ ነፋስ ደብተር ከእጅ ይነጥቃል። ዛፍ ግን የምናውቀው አንድ ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም የጎረቤት ሲሆን ወደ እኛ ግቢ የሚገባው ቅርንጫፉ ብቻ ነበር።

የአማርኛ መምህራችን ከአዲስ አበባ በሚኒባስ የሚመላለስ ወጣት ነበር። በየጠዋቱ እንጦጦን ተሻግሮ ስለሚመጣ ሁልጊዜ ይበርደዋል፤ ሁልጊዜም ይጠረጥራል። ፈተና በመጣ ቁጥር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ በወንበሮቹ መሀል ይንጎራደዳል። ይህ ሰው አንድ ቀን ምን እንደነካው አላውቅም፣ «ራሳችሁን እንደ አንድ ግዑዝ ነገር ቁጠሩና ስለ ትምህርት ቤት ጻፉ። ጥሩ የጻፈ በወላጆች ቀን በማይክ ያነባል» አለን።

በማይክ! ከዚያ ወዲህ እንኳ እንደዚያ ማይክ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር ጥቂት ነው። የአራት ወንድሞች ታናሽ ነኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልቋረጥ ጨርሼ አላውቅም ነበር።

ግማሹ ክፍል እርሳስ ሆነ፣ ግማሹ ሰሌዳ። እኔ የትምህርት ቤቱ በር ሆንኩ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሞላ ጥርቅም የሚለው አረንጓዴው የቆርቆሮ በር። ስለ በር ብዙ አውቅ ነበር፤ አባቴ ሯጮች የሚያርፉበት ግቢ ዘበኛ ስለሆነ ቤት ሲገባ የሚያወራው ስለ በር ነው። ምስጋናውን ትቼ ጀመርኩ። ሯጮቹ ማንም ሳያባርራቸው በጠዋት ሲሮጡ፣ ያረፈዱ ተማሪዎች ግን ቀስ ብለው እንደሚሄዱ ጻፍኩ። ሚኒባስ አጥቶ ያረፈደ መምህር ሲመጣ ወለል ብዬ እንደምከፈት፣ በዚያው ሚኒባስ የመጣ ተማሪ ግን ውጭ እንደሚቀር ጻፍኩ። በመጨረሻ «በር ሰውን ሁለት ጊዜ ያውቀዋል፤ ሲገባ በፊቱ፣ ሲወጣ በጀርባው። የማይዋሸው ጀርባው ነው» ብዬ ጨረስኩ። በሩ እኔ ነኝ ከማለቴ በቀር አንድም ውሸት አልነበረበትም።

በሳምንቱ ወረቀት ሲመለስ የእኔ ብቻ ቀረ። መምህሩ ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ።

«ማነው የጻፈልሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«ከስልክ ነው የገለበጥሽው?»

«ቤታችን ያለው ስልክ ኢንተርኔት የለውም።»

«እንግዲያው ሰው ነው የጻፈልሽ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር የልጅ አይደለችም። ነገ ወላጅ ይዘሽ ነይ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ስዋሽ «በርቺ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ እውነት ስጽፍ ወላጅ አስጠራኝ። በእኛ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ከገበያ አጎት ለምነው የሚያመጡ ልጆች ነበሩ። እኔ ጥፋት የለብኝም ብዬ እውነተኛውን አመጣሁ። ስህተቴም እሱ ነበር።

አባቴ ማንበብና መጻፍ አይችልም። ይህን ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ነው ያወቅኩት፤ ቤታችን ውስጥ ግን ተነግሮ አያውቅም። ወረቀት ሲመጣ «መነጽሬን ረስቼዋለሁ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ይለኛል። መነጽር ኖሮት አያውቅም። በደረት ኪሱ ሁልጊዜ ሰማያዊ እስክሪብቶ አለች። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ መዝገቡንና እስክሪብቶዋን አክብሮ ያቀርብና «እዚህ ላይ ይሙሉልኝ» ይላል፤ እንግዳው ይሞላል። እንዲህ ሆኖ ስንት ዓመት በመዝገብ ሹምነት ኖሯል።

በማግስቱ ነጩን ሸሚዙን ለብሶ መጣ። እስክሪብቶዋ ኪሱ ላይ ነበረች።

«አካም ቡልተን፣ መምህር» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለው።

መምህሩ ወንበር ሰጥቶ ወረቀቴን ዘረጋለት። አባቴ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ያዘና ዐይኑን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ አወረደው። ደግነቱ አልዘቀዘቀውም።

«እንግዲህ ይህን የጻፈ የበሰለ፣ የተማረ ሰው ነው» አለ መምህሩ፣ ዐይኑን እስክሪብቶዋ ላይ ተክሎ። «እርስዎ ነዎት አይደል?»

መምህሩ የተናገረው ክስ ነበር። አባቴ የሰማው ግን ሙገሳ ነው። ሽበት ከወረረው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መምህር፣ ያውም ልጁ ፊት፣ የተማረ ሰው ብሎታል። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ… አንዳንድ ቦታ ላይ ደገፍ አድርጌያታለሁ» አለ።

አፍጥጬ አየሁት። «አባቴ መጻፍ አይችልም» ካልኩ ማይኩ የእኔ ነው። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ የሚያቋርጠኝ ወንድምም አጠገቤ አልነበረም። አልቻልኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ሆዴ ውስጥ ነቀዘ። መምህሩ በቀይ ትልቅ ዜሮ ጻፈና ወረቀቱን ሰጠኝ። አባቴ እጁን ጨብጦ፣ አመስግኖ ወጣ። ከኋላው ሳየው ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር።

ያን ቀን ጠላሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ነው የጠላሁት።

አመሻሽ ላይ ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። «መነጽሬን ረስቼዋለሁ» አለኝ። «እስቲ ያን የጻፍኩትን አንብቢልኝ።»

በንዴት፣ ነጥብ ላይ እንኳ ሳልቆም አነበብኩለት። ሯጮቹ ጋ ስደርስ ሳቀ። ሚኒባሱ ጋ ጭኑን መታ። መጨረሻዋ ላይ ስደርስ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይቺን እኔ ነኝ ያልኳት!»

እሱ ነበር ያላት። እግሩ ተጎድቶ ወደ አገሩ ስለተመለሰ አንድ ሯጭ ሲያወራ፣ ሯጩ በሩ ላይ እየሳቀ ተሰናብቶት እንደወጣ፣ ጀርባው ግን እንደሚያለቅስ ነግሮን ነበር። እኔ ሰምቼ ወሰድኩና የራሴ አደረግኳት። ማንም የጻፈልኝ የለም ብዬ የምምልባት ድርሰት ውስጥ፣ መምህሩ የጠረጠራት አንዲት ቦታ ብቻ በትክክል የእኔ አልነበረችም። አፈርኩ።

«አንተ ነህ ያልካት፣ አባዬ።»

ደስ አለው። «ታዲያ ስንት ሰጡን?»

«አሥራ ስምንት» አልኩ። አፌ የለመደው ቁጥር ነው።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። አባቴ ፊደል ባያውቅም ቁጥር ያውቃል፤ የግቢውን መኪኖች ታርጋ በቃሉ ይዟል። ጣቱን ቀዩ ክብ ላይ አሳረፈ።

«ይኼ ዜሮ ነው» አለ። ቀና ብሎም አየኝ፤ «በእኔ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደረሰ። ስደርስ የመምህራን ክፍል ውስጥ ቆሞ አገኘሁት፤ ሌሎች መምህራን ሻይ እየጠጡ ነበር። መምህሩን ለብቻዎ ላነጋግርዎ ቢለው ይቀለው ነበር፤ አላለም።

«መምህር፣ ትናንት ዋሽቻለሁ» አለ። «እኔ ማንበብም መጻፍም አልችልም። ልጄ ናት የጻፈችው።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «ለልጅዎ ብለው ነው፤ ይገባኛል። ግን እንደዚህ የሚናገር ሰው፣ እስክሪብቶ በኪሱ ይዞ…»

እኔን ያገኘኝ እሱንም አገኘው፤ እውነቱን ሲናገር የሚያምነው አጣ። አባቴ አልተከራከረም። እስክሪብቶዋን ከኪሱ አወጣና አውራ ጣቱን ይቀባ ጀመር፤ ዳር እስከ ዳር፣ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ። ለሰው ሲያውሳት የኖረችውን እስክሪብቶ ራሱ ሲጠቀምባት ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ድርሰቴን ዘርግቶ፣ ከታች ባዶው ቦታ ላይ ጣቱን ተጫነው።

«በየወሩ የምፈርመው በዚህ ነው» አለ።

ሻይ የሚጠጡት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። መምህሩ ከወንበሩ ተነሳና «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አለ። ቀይ እስክሪብቶውን አነሳ። ዜሮዋን አልሰረዛትም፤ ከፊቷ ሁለት ጻፈባት።

ማይኩን ግን አላገኘሁትም። ስም ዝርዝሩ ቀድሞ ተላልፎ ነበር። በወላጆች ቀን አንድ የክፍሌ ልጅ ግቢያችንን ስለከበቡት ዛፎች በማይክ አነበበ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ከልቡ አጨበጨበ፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የትኞቹ ዛፎች?» አለኝ።

ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ። ቀዩ ደብዝዟል፣ ሰማያዊው ግን እንዳለ ነው። የአባቴ አውራ ጣት ከዚያች ከወሰድኩበት ዓረፍተ ነገር ሥር፣ ጸሐፊ ስሙን በሚያኖርበት ቦታ ታትሟል። እኔ አልጻፍኩትም ብሎ የፈረመበት ነው። ያዩት ሁሉ ግን ደራሲው እሱ ይመስላቸዋል፤ እኔም አስተባብዬ አላውቅም።